የኤኮኖሚ ሊቃውንት የቀድሞ እትሞችና ሰብሳቢዎቻቸው

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የጽሕፈትን ጥቅም በአጭሩ ይገልጻል። ይሁን እንጂ ምሳሌው የሚፈጸመው አንድ ነገር ሲጨመርበት ነው፤ ይኸውም በጽሑፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው ጠባቂ ሲያገኝ ብቻ መሆኑ ነው። መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ወጥቶ ወደ ዓለም ከገባበት ቀን ጀምሮ እሳትና ውኃ፣ ምስጥና አይጥ፣ ጦርነትና ስደት ይከተሉታል። ከእነዚህም ሁሉ የሚብሰው ጠላቱ የሰው ቸልተኝነት ነው። እሳት የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው፤ ቸልተኝነት ግን በየቤቱና በየዕለቱ ይሠራል።

የሃይማኖት መጻሕፍት ቤተ ክርስቲያን ጠባቂያቸው ናት። የነገሥታት ታሪክ በቤተ መንግሥት ዘንድ ይከበራል፤ ቅኔና ግጥምም ወዳጅ አያጣም። ነገር ግን ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ ገንዘብ መርከስ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ድኾች መተዳደሪያ የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ማን ያስቀምጠዋል? የጻፈው ሰው የተከራከረበት ዓመት ሲያልፍ መጽሐፉም አብሮ ያልፋል፤ ሱቅ ገብቶ የቅመም መጠቅለያ ይሆናል። የኤኮኖሚ ትምህርት፣ ማለት የሀብትን አመጣጥና አከፋፈል የሚመረምረው ትምህርት፣ የጥንት ጽሑፎቹ በብዛት ተጠብቀው ዛሬ ድረስ የቆዩለት በጥቂት ሰዎች ትጋት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ለአንባብያን ልናስታውስና አንድ ጥያቄ ልንመልስ አስበናል። ጥያቄውም፦ አዲስና ንጹሕ እትም በቀላሉ ሲገኝ፣ ያረጀውን የመጀመሪያ እትም መፈለግ ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆኑ በየቦታው እንገልጻለን።

ነገሩ የሚጀምረው በሎንዶን ከተማ በአንድ የአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ፊት ነው። በ1875 ሁለት የኤኮኖሚ መምህራን አብረው ሲሄዱ፣ ታላቁ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ፣ በመሸጫው ላይ ከተደረደሩት መጻሕፍት መካከል አንዱን አነሣ። መጽሐፉ ዳዮኒሺየስ ላርድነር የሚባል ሰው በ1850 ስለ ባቡር ሐዲድ ኤኮኖሚ ያሳተመው ነበር። ጄቮንስም ይህ መጽሐፍ እርሱን ራሱን ኤኮኖሚን በሒሳብ መንገድ ወደ መመርመር ከመሩት አንዱ መሆኑን ነገረውና ለባልንጀራው እንዲገዛው መከረው። ባልንጀራውም፣ ያን ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት የነበረው ሄርበርት ሶመርተን ፎክስዌል፣ መጽሐፉን በስድስት ፔንስ ማለት በግማሽ ሽልንግ ገዛው። ፎክስዌል ከዚያ ቀን ጀምሮ በ1936 በ87 ዓመቱ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ መጽሐፍ መግዛቱን አልተወም።

መምህሩ ጄቮንስም ራሱ ብርቱ ሰብሳቢ ነበር፤ የቀድሞ መጻሕፍት ምን ያህል ሊያስገርሙ እንደሚችሉም ለዓለም ያሳየው እርሱ ነው። ሪቻርድ ካንቲሎን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ የሆነ ባለባንክ ስለ ንግድ ጠባይ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ካንቲሎን በ1734 በሎንዶን ቤቱ ተቃጥሎ ሞተ፤ ገድለው ቤቱን ያቃጠሉት አገልጋዮቹ ናቸው ተብሎም ይታመናል። ጽሑፉ ግን ከእሳቱ ተርፎ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1755 በፈረንሳይኛ ታተመ። በፊት ገጹ ላይ በሎንዶን እንደ ታተመ ቢጻፍም፣ ሊቃውንት መርምረው የታተመው በፓሪስ ሳይሆን እንደማይቀር ፈርደዋል። አዳም ስሚዝ እንኳ በመጽሐፉ ውስጥ የካንቲሎንን ስም አንድ ጊዜ ጠርቶታል። ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉ ፈጽሞ ተረሳ ለማለት ይቻላል። ጄቮንስ በ1881 ባወጣው ጽሑፍ፣ የኤኮኖሚ ትምህርት ከሥር እስከ ጫፍ ተያይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በዚህ በተረሳ መጽሐፍ መሆኑን ገለጸ። በዚህም አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከአቧራ በመነሣቱ የአንድ ትምህርት የልደት ታሪክ እንደገና ተጻፈ። ጄቮንስ ግን ብዙ አልቆየም፤ በሚከተለው ዓመት በ1882 ባሕር ሲዋኝ ሰጥሞ ሞተ።

ፎክስዌል በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጄቮንስን ወንበር ወረሰ፤ የመጽሐፍ ፍቅሩንም አብሮ ወረሰ። በካምብሪጅ ከተማ በሃርቪ መንገድ ላይ የነበረው ቤቱ ከወለል እስከ ጣራ መጻሕፍት ሞልተውት ነበር። የሚሰበስበውም ታላላቅ ስም ያላቸውን ብቻ አልነበረም። ስለ ባንክ የተጻፈውን፣ ስለ መንገድና ስለ ቦይ ሥራ የተጻፈውን፣ ለምክር ቤት የቀረበውን አቤቱታ፣ የነጋዴዎችን ክርክርና የሠራተኞችን ብሶት ሁሉ አንድ ላይ አኖረ። በተለይም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሠራተኛውን መብት በመደገፍ የጻፉትን፣ ማለት ዊልያም ቶምፕሰንን፣ ቶማስ ሆጅስኪንን፣ ጆን ግሬይንና ጆን ፍራንሲስ ብሬይን፣ ከተረሱበት ያወጣቸው እርሱ ነው። በ1899 የኦስትሪያው ሊቅ የአንቶን ሜንገር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲታተም ፎክስዌል ረዥም መግቢያ ጻፈለት፤ የእነዚህንም ደራስያን ጽሑፎች ዘርዝሮ አወጣ። ፎክስዌል ራሱ የአብዮት ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን የአንድ ዘመን አሳብ የሚታወቀው አሸናፊውም ተሸናፊውም ሲሰማ መሆኑን ያውቅ ነበር። ዳኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ታሪክ ጸሐፊም የታወቁትን መጻሕፍት ብቻ አንብቦ እውነተኛ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። የመምህር ደመወዝ ሠላሳ ሺህ መጽሐፍ አይገዛም። ፎክስዌል ዕዳ ገባ፤ በ1898 ትዳር ከያዘ ወዲህም የቤቱ ወጪ ጨመረ። በመጨረሻም ወይ መጻሕፍቱን መሸጥ ወይም ማቆም ግድ ሆነበት። በዚህ ጊዜ እጅግ የሚያስፈራው ነገር መጻሕፍቱ በየአንዳንዱ ለልዩ ልዩ ገዢ ተሽጠው መበተናቸው ነበር። ሠላሳ ሺህ መጽሐፍ በአንድ ቤት ሲኖር አንዱ ሌላውን ያስረዳል፤ ጥያቄውና መልሱ፣ ክሱና መከላከያው በአንድ መደርደሪያ ይገናኛሉ። ከተበተነ ግን የተቆጠረ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ደግነቱ፣ የሎንዶን ወርቅ አንጥረኞች ጥንታዊ ማኅበር በ1901 ሁሉንም በአንድነት በ10 ሺህ ፓውንድ ገዛው፤ በ1903ም ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ሰጠው። እስከ ዛሬም በዚያው ዩኒቨርሲቲ የማኅበሩን ስም ይዞ ይገኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ባረፈ ነበር። ፎክስዌል ግን የመጽሐፍ ፍቅር በቀላሉ የሚለቅ አይደለምና እንደገና ሁለተኛ ስብስብ ጀመረ። በ1908 የካምብሪጅ የኤኮኖሚ ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ፣ ብዙ ዘመን ያገለገለው ፎክስዌል ቀርቶ ገና የ30 ዓመት ወጣት የነበረው ፒጉ ተመረጠ፤ ፎክስዌልም በዚህ እጅግ አዘነ። መጻሕፍቱ ግን አላሳዘኑትም። ሁለተኛው ስብስብ እርሱ ከሞተ በኋላ በሸጠው መሠረት ወደ አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ በዚያም ክሬስ በሚባል ባለጸጋ ርዳታ ለተቋቋመው ልዩ ቤተ መጻሕፍት መሠረት ሆነ። እንግዲህ ፎክስዌል ስሙን የሚያስጠራ ታላቅ መጽሐፍ ሳይጽፍ ሞተ፤ ነገር ግን በሁለት አህጉር ሁለት የመጻሕፍት ቤቶች አቁሞ አለፈ። በኋላም ሁለቱ ስብስቦች አንድ ላይ ሆነው በማይክሮፊልም ተነሡ፤ በዘመናችንም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከሩቅ አገር ሆኖ ማንበብ ተችሏል።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ፤ የመጀመሪያው እትም ምን ይጠቅማል? መልሱን ከሦስት ታላላቅ መጻሕፍት እናገኘዋለን።

አዳም ስሚዝ ስለ ሕዝቦች ሀብት የጻፈው መጽሐፍ በመጋቢት 9 ቀን 1776 በሎንዶን በሁለት ጥራዝ ወጣ፤ ዋጋውም አንድ ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ነበር። ደራሲው በሕይወት ሳለ አምስት ጊዜ ታተመ። ነገር ግን አምስቱ አንድ አይደሉም። በ1784 በወጣው ሦስተኛ እትም ስሚዝ፣ የንግድን ነጻነት በሚያግዱ ሕጎችና ከመንግሥት ልዩ ሥልጣን በተሰጣቸው የንግድ ማኅበሮች ላይ አዲስ ምዕራፍና ብዙ ቃል ጨመረ። የቀድሞውን እትም የገዙ ሰዎችም እንዳይጎዱ ተጨማሪው ለብቻው ታተመላቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ አንድ ሊቅ በስምንት ዓመት ውስጥ ከዓለም ምን እንደ ተማረ በዓይኑ ያያል።

ቶማስ ማልቱስ ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈው ትንሽ መጽሐፍ በ1798 ሲወጣ የደራሲው ስም አልነበረበትም። አሳቡም ጨለማ ነበር፤ የሕዝብን መብዛት የሚያግዱት ሥቃይና ክፉ ምግባር ብቻ ናቸው የሚል ነበር። በ1803 ስሙን ገልጾ እጅግ አስፍቶ ባወጣው ሁለተኛ እትም ግን፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ጋብቻውን በማዘግየትና ራሱን በመግዛት መከራውን ሊቀንስ እንደሚችል ጨመረበት። ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ፣ ማልቱስ በመጀመሪያ ምን ያህል ተስፋ የቈረጠ እንደ ነበረ አያውቅም። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበም በደራሲው ላይ ያለ አግባብ ይፈርዳል።

ከሁሉም የሚያስደንቀን ግን ዴቪድ ሪካርዶ ነው። ሪካርዶ ስለ ኤኮኖሚና ስለ ግብር መሠረታዊ ሥርዓት የጻፈውን መጽሐፍ በ1817 አወጣ። አስቀድሞ የአዲስ መኪና መግባት ለሁሉም ወገን፣ ለሠራተኛውም ጭምር ይጠቅማል የሚል እምነት ነበረው። በ1821 በወጣው ሦስተኛ እትም ግን ስለ መኪና አዲስ ምዕራፍ ጨምሮ፣ መኪና የሠራተኛውን እንጀራ ሊያሳጣው እንደሚችልና የቀድሞው አሳቡ ስሕተት እንደ ነበረ በግልጽ ተናገረ። ሪካርዶ ባለጸጋ፣ የምክር ቤት አባልና በዘመኑ የተከበረ ሊቅ ነበረ፤ ስሕተቱን ሸፍኖ ቢያልፍ የሚጠይቀው አልነበረም። ወዳጆቹም በዚህ ተገረሙ። ሁለቱ እትሞች ባይጠበቁ ኖሮ ይህ የቅንነት ምስክር ባልቀረልን ነበር። በእውነቱ ከሆነ የቀድሞ እትም ዋነኛ ጥቅም ይህ ነው፤ አዲሱ እትም ሊቁ የደረሰበትን ያሳየናል፤ አሮጌዎቹ ግን የሄደበትን መንገድ ያሳዩናል። ተማሪም የሚማረው ከመድረሻው ይልቅ ከመንገዱ ነው።

ከታተሙት እትሞች ሌላ፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ያነበቧቸው መጻሕፍትም አሳባቸው ከየት እንደ መነጨ ይመሰክራሉ። አዳም ስሚዝ ከመጻሕፍቱ በቀር በሌላ ነገር እንደማያጌጥ ለአንድ አታሚ ወዳጁ ነግሮት ነበር ይባላል። በ1790 ሲሞት ወደ ሦስት ሺህ ጥራዝ የሚገመቱ መጻሕፍት ትቶ ነበር። እነርሱም ለዘመዱ ለዴቪድ ዳግላስ፣ ከዚያም ለዘመዱ ሁለት ሴቶች ልጆች ተከፍለው ደረሱ። የአንደኛዋ ድርሻ በኤዲንብራ ተጠብቆ ቀረ፤ የሌላዋ ግን ከፊሉ በስጦታ ከፊሉ በሽያጭ ተበታተነ። ጄምስ ቦናር የሚባል ሊቅ በየቦታው እየዞረ፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ የተለጠፈውን የስሚዝን ስም የያዘ ትንሽ ወረቀት ምልክት አድርጎ፣ የተገኙትን በ1894 በዝርዝር አሳተመ።

ከተበተኑት መካከል አንዱ ክፍል ያገኘው ዕድል በጣም ያስገርማል። በ1920 ጃፓናዊው ሊቅ ኒቶቤ ኢናዞ ከ300 የሚበልጡትን ጥራዞች በሎንዶን ገዝቶ ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ ክፍል ሰጠ። ሦስት ዓመት እንኳ ብዙም ሳያልፍ በመስከረም 1 ቀን 1923 ታላቁ የምድር መናወጥ ቶኪዮን መታ፤ ከእርሱም የተነሣው እሳት የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ከብዙ መቶ ሺህ መጻሕፍት ጋራ አመድ አደረገው። የስሚዝ መጻሕፍት ግን ከዚህ ጥፋት ተረፉ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ተርፈው በ1951 ዝርዝራቸው በያናይሃራ ታዳኦ ተዘጋጅቶ ታተመ።

ጃፓኖች በዚህ አልረኩም። የኦስትሪያው ሊቅ ካርል ሜንገር፣ ከላይ የጠቀስነው የአንቶን ወንድም፣ በ1921 ሲሞት የተወውን ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ የቶኪዮ የንግድ ትምህርት ቤት፣ ኋላ ሂቶትሱባሺ ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ ገዝቶ አስመጣው። ከእነዚህም ውስጥ ሜንገር በ1871 ያሳተመው የራሱ መጽሐፍ፣ በገዛ እጁ እርማትና አዲስ አሳብ የጻፈበት ቅጂ ይገኛል። ሜንገር መጽሐፉን አሻሽሎ ሊያሳትም ብዙ ዘመን ደክሞ ሳይፈጽመው ሞተ፤ ስለዚህ ሊለው የፈለገውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከኅዳግ ላይ ከጻፈው ይፈልጋል። ቪየና የተወለደ አሳብ ቶኪዮ ሄደው የሚያነቡት ሆነ። ጃፓን ከአውሮፓ መኪናና መርከብ ብቻ ሳይሆን የአሳቡን ምንጭም ገዝታ ወደ አገሯ አስገባች ማለት ነው።

እርግጥ፣ ከሰብሳቢዎች መካከል ስለ ገንዘብ ብቻ የሚሰበስቡ አሉ። ዛሬ የስሚዝ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም በመልካም ሁኔታ ከተገኘ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። በ1867 በሐምቡርግ በአንድ ሺህ ቅጂ የታተመው የካርል ማርክስ መጽሐፍ እንኳ፣ ገንዘብን የሚከስሰው ራሱ፣ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። መጽሐፍን ሳያነቡ በብረት ሣጥን የሚቈልፉትን አናመሰግናቸውም። ነገር ግን ፎክስዌል የገዛውን ያነበበ፣ ለተማሪዎቹ ያስነበበና በመጨረሻም ለሕዝብ ቤት ያስረከበ በመሆኑ ሥራው ከንግድ ይለያል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ አሳባችን ወደ ገዛ አገራችን መመለሱ አልቀረም። ኢትዮጵያም በኤኮኖሚ ረገድ የራሷ ጥንታዊ መጽሐፍ አላት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአውሮፓ ተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽሑፋቸውን በ1912 በአሥመራ አሳተሙ፤ በዚያም የጃፓንን መንግሥት አካሄድ ለአገራቸው እንደ ምሳሌ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ሀብት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ በሰፊው የመረመሩበትን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ጻፉ። መጽሐፉ ታትሞ ሳያዩት በ1911 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ዐረፉ፤ መጽሐፉም በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ፎክስዌል ሁለተኛውን ስብስብ ሲያከማች፣ ጃፓኖችም የሜንገርን መጻሕፍት በመርከብ ሲያስጭኑ፣ በእኛ አገር አንድ የኤኮኖሚ መጽሐፍ በአማርኛ ይታተም ነበር ማለት ነው።

ከዚህም አልፈን ብንመለከት፣ አባቶቻችን በብራና ወንጌሎች ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የጉልትንና የርስትን ስጦታ፣ የንብረትን ዝርዝር ሲጽፉ ኖረዋል። የኤኮኖሚ ታሪካችን መዝገብ የተጠበቀው ወንጌልን ማንም አይጥልም በሚል ጥበብ ነው። የታተመው መጽሐፍ ግን ይህ ከለላ የለውም። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የፊት ገጹ የጠፋ፣ በአያት ሣጥን ውስጥ ከአሮጌ ደረሰኝና ከደብዳቤ ጋራ የታጠፈ መጽሐፍ፣ ወራሹ ካላወቀው ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል።

ስለዚህ ለአንባብያን የምናቀርበው ልመና ቀላል ነው። የአባትና የእናትን ሣጥን የሚከፍት ሰው ከመጣሉ በፊት የፊት ገጹን ያንብብ፤ የታተመበትን ዓመትና ቦታ ይመልከት። በኅዳግ ላይ የተጻፈውን እንደ እድፍ አይቈጥረው፤ የአንድ አንባቢ አሳብ ነውና። ብዙ መጽሐፍ ያለውም ሰው ከእርሱ በኋላ እንዳይበተን በሕይወቱ ሳለ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት መናዘዝን ያስብ። ሠላሳ ሺህ መጽሐፍ ለመሰብሰብ የታደለው ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ መጽሐፍ ከመጥፋት ለማዳን ግን ሁላችንም እንችላለን። የሎንዶኑም ታላቅ ስብስብ የተጀመረው ከመንገድ ዳር በግማሽ ሽልንግ በተገዛ አንድ መጽሐፍ ነበር።